የአባቴን የደረጃ መደገፊያ ላስነቀሉት ክቡር ኃላፊ

ለቤቶች አስተዳደርና ለአረጋውያን ክብካቤ ጽሕፈት ቤት
ክቡር ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ደህና ነው? ወገብዎስ? ዓይንዎ የሚፈርሙበትን ወረቀት አጥርቶ ያያል? ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ፤ ይህን የምለው ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላልና አይደለም፣ እንዲያረጁ ከልቤ ስለምፈልግ ነው። አርጅተው፣ ግማሽ አካልዎ አልታዘዝ ብሎዎት፣ አምፖሉ ከተቃጠለ ዘመን ባስቆጠረ ደረጃ አናት ላይ ቆመው፣ እጅዎን ወደ ግድግዳው ሲሰዱ የሚይዙት ነገር እንዲያገኙ እመኛለሁ። ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ምኞቴ እንዲያገኙ ነው።

እኔ በአራተኛው ፎቅ የሚኖረው አናጺ ልጅ ነኝ። በመዝገብዎ ውስጥ "በቤት ያለች ያላገባች ሴት ልጅ" በሚል ስም ያውቁኛል። በትምህርቴ መሐንዲስ ነኝ፤ አባቴ እስኪታመም ድረስ የግንባታ ቦታ ላይ እሠራ ነበር። አሁን አባቴን አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ጺሙን እላጫለሁ። ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ በጨዋ ቋንቋ ተመልሰውልኛልና ይህኛውን በግልጽ መጻፌ ቅር እንዳይልዎ እለምናለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ሰኞ ጠዋት አባቴን ከቤቱ አንሥተው ከከተማ ውጭ ወዳለው የአረጋውያን ማዕከል ለመውሰድ መኪና እንደሚልኩ አስታውቀውኛል። መኪናው በራችን ላይ ከመቆሙ በፊት ለምን እንደመጣ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው ፈልጌአለሁ። ለዋሉልንም ውለታ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለማግባቴ ስላሳዩኝ አክብሮት አመሰግናለሁ። ስትሮክ የአባቴን ግራ ጎን በድን ባደረገው ጊዜ፣ እኔ ሥራዬን እንዳልለቅ ቀን ቀን አብሮት የሚውል ረዳት እንዲመደብለት ጠይቄ ነበር፤ እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዳለ ጽሕፈት ቤትዎ በበሩ ላይ በትልልቅ ፊደላት ለጥፏልና። መልሱ "ያላገባች ሴት ልጅ በቤቱ ስላለች ተጨማሪ ረዳት አያስፈልገውም" የሚል ነበር። ወንድምም አለኝ። አግብቷል፣ ወልዷል፣ አልፎ አልፎ ይደውልና "አንቺ እያለሽ እኮ እኔ ሐሳብ የለብኝም" ይለኛል። አነጋገራችሁ አንድ ዓይነት ስለሆነ እሱም በእርስዎ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ መስሎኝ ነበር። የምሠራበት ድርጅት ትንሽ ታገሠኝ፣ ከዚያም በአክብሮት ሸኘኝ። የተማርሁት ምህንድስና ሽማግሌን ከአልጋ ወደ ወንበር ለማሻገር እንደሚውል ያወቅሁት በእርስዎ ቸርነት ነው። ጥያቄው በእርግጥም የሸክምና የሚዛን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ደረጃው። ጽሕፈት ቤትዎ ምድር ላይ ስለሆነና መኪናዎም እስከ በሩ ስለሚገባ ምናልባት ነገሩ አልደረሰብዎ ይሆናል፤ ስለዚህ በትሕትና ላስረዳ። የሕንፃችን ደረጃ የብረት መደገፊያ አለው፤ ያለው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሲወጡ በቀኝ እጅ ይገኛል፣ ሲወርዱ በግራ። የአባቴ ግራ እጅ ደግሞ ሞቷል። እንግዲህ አባቴ ወደ ቤቱ መውጣት ይችል ነበር፣ ከቤቱ መውረድ ግን አይችልም ነበር። ይህን ለቤቶች ክፍል ባለሙያዎ ስነግራቸው "እህቴ፣ ደረጃው እኮ መደገፊያ አለው" አሉኝ። "ያለው ለማይሠራው እጁ ነው" አልኋቸው። "ታዲያ በሚሠራው ይያዛ!" አሉኝ። አልተቀየምኋቸውም፤ አንዴ ከወጡ ወዲያ ስለ መውረድ ማሰብ በመሥሪያ ቤትዎ የተለመደ አይደለም።

አባቴ አናጺ ነው። "አናጺ ነበር" ብዬ እንዳልጽፍ ራሱ ከልክሎኛል። ቤታችን ለእርጅናው እንዲመች ሁለታችን ቁጭ ብለን አቀድን፤ እኔ ስነድፍ እሱ ሲከራከረኝ። "ወረቀት ላይ ማን ወድቆ ያውቃል፣ የኔ መሐንዲስ!" እያለ ያበሽቀኛል። የበሮቹን መድረክ በመላጊያ ልገን ከወለሉ ጋር አስተካከልን፣ የአልጋውን እግር አሳጠርን፣ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ሠራን። የቀረው በግድግዳው በኩል፣ በሚሠራው እጁ አቅጣጫ፣ ሁለተኛ መደገፊያ ማድረግ ነበር። ፈቃድ ጠየቅሁ። "ማመልከቻዎ በመታየት ላይ ነው" ተባልሁ። ወራት አለፉ፣ በመታየት ላይ ነው። አባቴ ደግሞ እስኪታይለት ድረስ ማርጀቱን ሊያቆም አልቻለም። አዎን፣ ክቡር ሆይ፣ ያለ ፈቃድ ገጠምነው፤ ይህን ጥፋት ለመካድ አልሞክርም፣ ነገም እደግመዋለሁ።

እንጨቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራበት ከኖረው ጠረጴዛ የወጣ ነው። "ስንት ዘመን ደግፌው ሠርቻለሁ፣ አሁን ተራው ነው ይደግፈኝ" አለና በአንድ እጁ መጋዙን ያዘ፣ እኔ እንጨቱን ያዝሁ። ዓይኑ በግራ በኩል ያለውን ስለማያይ፣ የደረጃውም መብራት ስለሌለ፣ በእያንዳንዱ መደገፊያ መጨረሻ፣ ከሥር ጣት በሚያርፍበት ቦታ፣ በመሮ አንዲት ጎድጎድ ያለች ምልክት አበጀ። ጣቱ እሷን ሲነካ ደረጃው ማለቁን ያውቃል፣ እግሩን ያሳርፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጠዋት ጠዋት ብቻውን እየወረደ ግቢው በር ላይ ፀሐይ ይሞቅ፣ ሰው የሚያመጣለትን የተናጋ ወንበርም እየነቀነቀ ሕመሙ የት እንደሆነ ይነግር ነበር። የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤታችን፣ ድምፃቸው ሕንፃውን ሁሉ ስለሚያዳርስ የግቢው ልጆች እማማ ራዲዮ የሚሏቸው፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው እሳቸውም በእሱው መውረድ ጀመሩ። "ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ጠበቅ አድርጎ የያዘኝ የለም" ሲሉ፣ አባቴ "ቀስ ይበሉ፣ ቫርኒሹ ገና አልደረቀም" አላቸው። እንዲህ ነበርን።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥልጠናው ልዩ ምስጋና አለኝ። አረጋውያንን በቤታቸው ለሚንከባከቡ ቤተሰቦች ያዘጋጁትን የሙሉ ቀን ሥልጠና ያልተካፈለ ከተጠቃሚዎች መዝገብ እንደሚሰረዝ በትሕትና አስጠንቅቀውን ስለነበር፣ አባቴን ቁርስ አብልቼ፣ እማማ ራዲዮን አደራ ብዬ መጣሁ። አዳራሹ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። የስልካችንን ድምፅ እንድናጠፋ ታዘዝን፣ አጠፋን። መድረኩ ላይ ከተቀመጡበት ከኋላዎ "አረጋውያን በቤታቸው በክብር ይኑሩ" የሚለው ባነር ግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ አንዱ ጥጉ እየተላቀቀ ራስዎ ላይ ይወርድ ነበር። በእጅዎ ገፋ ያደርጉታል፣ ተመልሶ ይወርዳል። "ለዚህ የሚሆን አንድ ቀና እንጨት ጠፋ?" ብለው ሠራተኞችዎን ሲቆጡ አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አሠልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። "አረጋዊ ሰው ቤቱን የሚያየው በዓይኑ ብቻ አይደለም፣ በእጁም ነው። የለመደውን ነገር ሳትነግሩት ከቦታው አታንሡበት" አለን። ምሳሌ ያለው ካለ ሲል እጄን አወጣሁና ስለ መደገፊያችን ተናገርሁ፤ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ምልክቷ። አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም አጨበጨቡ፤ እንዲያውም ማይክራፎኑን ተቀብለው "እንዲህ ያለች ልጅ ይስጣችሁ! ሌሎቻችሁም ከእሷ ተማሩ" አሉ። ያጨበጨበው እጅዎ ከጥቂት ቀናት በፊት "ያለ ፈቃድ የተገጠመና የሕንፃውን ወጥነት የሚያበላሽ ቁሳቁስ በአስቸኳይ ይነሣ" በሚለው ትእዛዝ ላይ ፈርሞ ነበር። አዳራሹ ሲያጨበጭብልን ሠራተኞችዎ የእኛን ፎቅ ጨርሰው ወደ ሦስተኛው ወርደዋል። "ሁለቱን አላያያዝኋቸውም ነበር" ይሉኝ ይሆናል። አምንዎታለሁ። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

አራተኛ፤ የሠራተኞችዎን ቅልጥፍና ላደንቅ። አንድ አምፖል መቀየር ያቃተው ክፍል መደገፊያውን እየነቀለ፣ የብሎኑን ቀዳዳ በስቱኮ እየደፈነ ለመውረድ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። እማማ ራዲዮ ዩኒፎርም የለበሱ፣ መሰርሰሪያ የያዙ ሰዎች በራቸው ላይ ሲያልፉ ሻይ ሰጥተዋቸዋል። በሥልጠናው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ የተላኩ ሰዎች መደገፊያውን ሊያጠብቁት እንጂ ሊነቅሉት ይመጣሉ ብሎ ማን ያስባል? ስለዚህ በደረጃው ሥር ቆመው ወደ ላይ ተጣሩ፦ "አንተ አናጺ! ደስ ይበልህ፣ መደገፊያህን እያጠበቁልህ ነው!" ይህን ስሕተት ሞኝነት እንዳይሉት እለምናለሁ፤ እርስዎን ማመን ነው። እኚህ ሴት ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል። በደረጃው ሲያልፉ አይሰሙም።

አባቴ ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ በእጁ ሳይዳስስ "ጥሩ ነው" ብሎ አያውቅም። የመሰርሰሪያው ድምፅ ወደ ታች እስኪርቅ ጠበቀ። ከዚያ ከዘራውን በሩ ላይ አስደገፈ፣ ብሎኑ ቀጥ ብሎ መግባቱን ሊያይ፣ ቀኝ እጁን ወደለመደው ቦታ ሰደደ፣ እግሩንም አብሮ። ድምፁን ያጠፋሁትን ስልኬን ዘግይቼ አይቼ ሆስፒታል ስደርስ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ አገኘሁት። ቀኝ እጁን ያዝሁት። የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ነበር። እርጥብ ስቱኮ ነው። እስከ መጨረሻው ሲፈልገው ነበር።

ሮጠው ደርሰው አቅፈው ያወረዱት እነዚያው ሠራተኞችዎ ናቸው፤ አንዱ እያለቀሰ ነበር አሉኝ። አባቴም በቃሬዛው ላይ ሆኖ "ሥራችሁ ንጹሕ ነው፣ ልጆቼ። ግን መጀመሪያ ለባለቤቱ ይነገራል" ብሏቸዋል። እነሱን አልከስስም። በማግስቱ፣ አባቴ ገና ከቀዶ ሕክምና ሳይነቃ፣ ግድግዳውን ቀለም እንዲቀቡ የላኳቸው ግን እርስዎ ነዎት። ወጥነቱ አሁን እጹብ ድንቅ ነው።

አምስተኛ፤ ላቀረብሁት አቤቱታ ስለሰጡኝ መልስ። "በዚህ ዕድሜ መውደቅ የሚጠበቅ ነው" ብለው በማኅተም አጽንተው ጽፈውልኛል፤ አንብቤ ተጽናናሁ። ከዚያ ገምጋሚ ላኩልን፤ ሳይቀመጡ ቤታችንን ገመገሙ። "አባባ፣ የሚንከባከብዎት ማነው?" ሲሉት፣ "እሷ እኔን ትንከባከባለች፣ እኔ ደግሞ ሰው እንዳትደበድብ እሷን እጠብቃለሁ" አላቸው። አልሳቁም። ውሳኔያቸውም ደረሰን፦ ደረጃው ለአረጋዊው ተስማሚ መደገፊያ ስለሌለው ቤቱ አስጊ ነው፣ አንዲት ሴት ልጅም ብቻዋን በቂ ስላልሆነች ወደ ማዕከሉ ይዛወሩ፣ በስማቸው ያለው ቤትም ተመላሽ ይሁን። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ረዳት ስጠይቅ በቂ ነበርሁ፤ ሊወስዱት ሲነሡ በቂ አይደለሁም። መደገፊያው ሲኖር ትርፍ ነበር፤ ከነቀሉት በኋላ ጉድለት ሆነ። ቤት ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቁ ብዙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ለዚህ ብለው አደረጉት ብዬም እርስዎን አልጠረጥርም። ያሰቡበት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሳካም ነበር።

ማዕከሉንም ሄጄ አየሁት። ንጹሕ ነው። አልጋዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ ዞረዋል። አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው "መጣሽልኝ?" አሉኝ፤ ማን መስያቸው እንደሆነ ስላልገባኝ "መጣሁ" አልኋቸው፣ ትንሽም ተቀመጥሁ። አስተዳዳሪዋ እዚያ ማንም ወድቆ እንደማያውቅ በኩራት ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። የሚነሣ ስለሌለ የሚወድቅም የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ይቅር ልልዎ የማልችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባለፈው ቀን ትራሱን ሳስተካክልለት አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "ተይ ልሂድላቸው። አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ" አለኝ። ለሰው ልጅ ሁሉ የሚቀመጥበት ሲሠራ የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ ቦታ የያዘ መሰለው። አጥንቱን ሐኪም ጠግኖታል፤ በእጁ የሚይዘው ካገኘ ቀስ በቀስ ሊቆም እንደሚችልም ነግረውናል። ይህችን ሐሳብ ግን ማን እንደሚያወጣለት አላውቅም። ሥራዬን እወዳለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ እንደምወደው እሱም ያውቃል። ስለዚህም ነው ያ ቃሉ የከበደኝ። ከእኔና ከአባቴ አንዳችን እንድንቀር ተደርጎ የተዘጋጀውን ይህን ምርጫ አልቀበልም፤ ሁለታችንም እንፈልጋለን፦ እሱ ቤቱን፣ እኔ ሥራዬን፣ መጀመሪያ በጠየቅሁት ረዳት።

እንግዲህ ስለ ሰኞ። አልፈርምም። ይግባኝ አስገብቻለሁ። አባቴ ይህን ሐሳብ ባቀረበልኝ ማግስት የቁም ሳጥናችንን ጎን ነቅዬ አልጋው ላይ አጋደምሁለት። መጀመሪያ አላየውም። ከዚያ በጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት አምጪ አለኝ። አሁን ተንጋሎ በአንድ እጁ ይፈገፍጋል፣ እኔ ጫፉን እይዛለሁ። ሕመሙ ሲነሣበት እናቆማለን፣ ሲለቀው እንቀጥላለን። "ቀጥ አድርገሽ ያዢ እንጂ! ዲግሪሽንም እንዲህ አጣመሽ ነው የያዝሽው?" ብሎ ሲጮህብኝ ኩሽና ገብቼ አለቀስሁ፤ ድምፁ ተመልሷላ። ግድግዳውንም በአዲሱ ቀለምዎ ላይ መልሼ በስቻለሁ። ፈቃድ የለሽም እንዳይሉኝ ዛሬ ጠዋት አመልክቻለሁ፤ በመታየት ላይ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ሰው ከሚልኩ ራስዎ ይምጡ፣ በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ። እስከ አራተኛ ፎቅ ይውጡ፤ የብረቱ መደገፊያ ይረዳዎታል። አባቴን ጤና ይስጥልኝ ይበሉት፤ ወንበር ይሰጥዎታል፣ የሠራው ወንበር አይነቃነቅም። ሲወርዱ ግን ግራ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉ፣ ግራ ዓይንዎንም ይጨፍኑ። እኔ ከኋላዎ እሆናለሁ። አልገፋዎትም። እንደ እርስዎ ቆሜ አያለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር፣ ለሰጡንም፣ ለነሡንም፣ በነሡን ቦታ ለቀቡልን ቀለምም ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንሁ፣ እጅ እነሣለሁ፤

የአናጺው ልጅ፣
መሐንዲስ፣ ያላገባች፣ በቂም በቂ ያልሆነችም፤
ከአራተኛ ፎቅ፣ ሰኞም ከምንገኝበት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተነቀለው መደገፊያ እንዲመለስልን ስጠይቅ "ቁሳቁሱ ተወግዷል" ብለውኝ ነበር። ይግባኜን ላስገባ በመጣሁ ቀን አዳራሽዎ ክፍት ነበርና ጎራ አልሁ። ባነርዎ አሁን አይወርድም፤ ቀጥ ብሎ፣ በአንድ ቀና እንጨት ላይ ተወጥሮ ተሰቅሏል። እጄን በእንጨቱ ሥር ሰደድሁ። የአባቴ ምልክት ጫፉ ላይ አለች። ቫርኒሹም አልተጫረም፣ ለጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። የእኛ ነውና፣ ሰኞ መኪናዎ አባቴን ሳይወስድ ሲመለስ እኔ እንጨቱን ልወስድ እመጣለሁ። ስስበው ባነሩ ቢወድቅ አይደንግጡ፤ በእሱ ዕድሜ መውደቅ የሚጠበቅ ነው።